ቋንቋ ከኑሮ እንጂ ከጥቁር ሰሌዳ አይወለድም

ቋንቋ የሰው ልጅ ከሌላው ፍጡር የሚለይበት፣ ሥራውንና ሐሳቡን ከወገኑ ጋር የሚያስተባብርበት፣ የትናንቱን ልምድ ለነገው ትውልድ የሚያወርስበት ታላቅ ማኅበራዊ መሣሪያ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የተነገረ እውነት ነው። በሚገባ ያልተጤነው ግን ይህ መሣሪያ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው በምን መንገድ እንደሚሸጋገር ነው። ጥያቄው የምሁራን ብቻ አይደለም። ልጇን በየትኛው ቋንቋ እንደምታነጋግር የምታመነታ እናት፣ እንግሊዝኛ ለማስተማር ጠመኔ ጨብጦ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር፣ የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣ ኃላፊ ሁሉ፣ ዐወቁትም አላወቁትም፣ በየቀኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። መልሳቸው የተሳሳተ ሲሆን የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው፤ የዚህንም ማስረጃ ሩቅ አገር ሳንሄድ ከዓባይ ዳር እናገኘዋለን።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቋንቋ በኑሮ ውስጥ፣ ትርጉም ባለው ንግግር፣ በሰውና በሰው መካከል በሚደረግ ግንኙነት ይለመዳል እንጂ ሕጉን በማሸምደድ ብቻ አይገኝም። ይህ ግንኙነት ካለ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራል። ከሌለ ግን ለዓመታት ከክፍል የተቀመጠ ተማሪ አንደበቱ አይፈታም፤ ከዚያም አልፎ አንድ ሕዝብ የራሱን ቋንቋ እስከማጣት ይደርሳል።

ገበያው እንደ ትምህርት ቤት

ሽንዲ በምዕራብ ጎጃም የወምበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በደቡብ በኩል በዓባይ ወንዝ ከወለጋ ይለያል፤ በሌላ ወገን ከአዊ አገር ይዋሰናል፤ ጎረቤቱ ከሆነችው ከቡሬም ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚያደርስ መንገድ ይነሣል። የወረዳው ሕዝብ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ነው። ይሁን እንጂ የአገሩ አቀማመጥ ራሱ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የአገውኛ ተናጋሪዎችን በንግድ፣ በጋብቻና በጉርብትና የሚያገናኝ ነው። በቆሎና በርበሬ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ፣ ከብት የሚነዳው ነጋዴ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ የሚሻገረው ወጣት ሁሉም አፍ ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስም ጥቂት የሌላውን አፍ ይዞ ይመለሳል።

እንዲህ ባለው የወሰን ገበያ ውስጥ ያደገ ልጅ የሌላውን ቋንቋ እንዴት እንደሚለምድ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ትምህርቱ ብዙ ነው። በመጀመሪያ የሚይዘው ቁጥርን ነው፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ይላል። ቀጥሎ የዋጋ ንግግርን፣ ከዚያ ሰላምታን፣ ከዚያም ውሃ ሲጠማው ቢሻን ማለትን ይለምዳል። ይህን ሁሉ ያስተማረው መምህር የለም፤ መጽሐፍም አልገለጠም። የረዱት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የሚነገረው ነገር ትርጉሙ በዓይን ይታያል፤ ሻጩ በርበሬውን በእጁ ይዞ ስለ በርበሬው ይናገራል። ሁለተኛ፣ መግባባቱ ያስፈልጋል፤ ካልተግባቡ ዕቃው አይሸጥም። ሦስተኛ፣ ስሕተት አያስቀጣም፤ ገዢው የሚፈልገው የተጣራ ንግግር ሳይሆን የተስማማ ዋጋ ነውና የተሰበረውን ቃል በትዕግሥት አቃንቶ ይሰማል። እነዚህ ሦስት ሁኔታዎች ከተሟሉ ልምዱ ቀስ በቀስ ሥር ይሰድዳል፤ እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳልና።

ሕፃን ሰዋስው ሳያጠና እንዴት ይናገራል?

ገበያው በመጠኑ የሚሠራውን ሥራ ቤት በሙሉ ይሠራዋል። የገጠር እናት ልጇን አዝላ እንጨት ትለቅማለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ እሹሩሩ እያለች ታስተኛዋለች፤ ሲነሣ ታጫውተዋለች። ማታ እሳት ዳር አያቱ ተረት ይነግሩታል፤ ታላላቆቹ እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ። አንድም ቀን ግን ስለ ግሥ ወይም ስለ ተውላጠ ስም ትምህርት የሰጠው የለም። ሆኖም ልጁ በአንድ ዓመት ግድም የመጀመሪያ ቃላቱን ያወጣል፤ ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ሁለት ቃል ማጋጠም ይጀምራል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው የቋንቋውን ዋና ዋና ሥርዓት ጨብጦ ይገኛል። «መጣ» የሚለውን ለማፍረስ ከፊት «አል» ከኋላ «ም» ጨምሮ «አልመጣም» ይላል፤ «ይመጣል» እና «ትመጣለች» ብሎ ወንዱን ከሴቷ ይለያል። ሕጉን ንገረን ቢሉት ግን የሚናገረው ነገር የለውም። ዕውቀቱ በአንደበቱ ውስጥ አለ፤ ትንታኔው ግን የለም።

ይህ ሁሉ በመስማትና በመድገም ብቻ የተገኘ የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ነገሩ ግን ከዚያ ይረቃል። ከ«ሰማ» «ስማ»፣ ከ«በላ» «ብላ» ማለትን የለመደ ሕፃን ከ«መጣ» ተነሥቶ «ምጣ» ቢል ቤተሰቡ ይሥቃል፤ የሚባለው «ና» ነውና። ይሁን እንጂ ልጁ «ምጣ» የሚለውን ከእናቱ አፍ ሰምቶ አልደገመም፤ ከሰማቸው ቃላት መካከል ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ ሕጉን በአዲስ ቃል ላይ ሥራ ላይ አዋለው እንጂ። ስለዚህ ስሕተቱ የሥራው ምስክር ነው። «ና» ሲባል ደጋግሞ በሰማ ጊዜ ማንም ሳይቆጣው ያቃናዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በምሁራን መካከል የተካሄደው የሐሳብ ትግል ረዥም ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት መጽሐፍ ቋንቋ እንደማንኛውም ልማድ በማበረታቻና በድግግሞሽ ይቀረጻል ብለው ነበር። ቾምስኪ በ1959 ባቀረቡት ሂስ ይህን ተቃውመው፣ ሕፃን ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር የሚፈጥር ስለሆነ የሰው ልጅ ለቋንቋ የተዘጋጀ ተፈጥሯዊ ችሎታ ይዞ ይወለዳል ሲሉ ተከራከሩ። ከሁለቱም አስቀድመው በ1934 ያረፉት የሶቪየት ኅብረቱ ሊቅ ቪጎትስኪ ደግሞ የንግግር መነሻው ማኅበራዊ መሆኑን፣ ልጁ በመጀመሪያ ከሌሎች ጋር የተነጋገረበትን ቋንቋ ቆይቶ ወደ ውስጡ በማስገባት የሐሳቡ መሣሪያ እንደሚያደርገው አስረድተዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለተነሣንበት ጉዳይ የሚበቃን ግን አንድ ነገር ነው፤ ችሎታው ከተፈጥሮ ነው ብንል እንኳ ያለ ኅብረተሰብ አያፈራም። ዘሩ ጥሩ ቢሆንም ያለ መሬትና ያለ ዝናም እንደማይበቅል ሁሉ ማለት ነው።

ይህም በምርምር የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ወርከርና ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ባወጡት ጥናት የስድስትና የስምንት ወር ሕፃናት በቤታቸው የማይነገሩ ባዕድ ድምፆችን ሳይቀር ለይተው እንደሚሰሙ፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረብ ግን ጆሯቸው በዙሪያቸው ወደሚነገረው ቋንቋ ብቻ እንደሚያዘነብል አሳይተዋል። ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው በ2003 ያወጡት ጥናት ደግሞ ይበልጥ የሚያስተምር ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር 12 ጊዜ ተቀምጠው ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቀጠሉ፤ ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ የተከታተሉት ግን ምንም አልያዙም። ድምፁ አንድ ነው፤ የጎደለው ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው የኒካራጓ መስማት የተሳናቸው ልጆች ታሪክ ነው። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ እነዚህ ልጆች በማናጓ ከተማ በትምህርት ቤት መሰባሰብ ጀመሩ። ከዚያ በፊት እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ተለያይተው ስለሚኖሩ ከቤት ምልክት በስተቀር የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። መምህራኑ ያተኮሩት የስፓንኛን ንግግር ከከንፈር እንዲያነቡ በማድረግ ላይ ነበር፤ ይህም እምብዛም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በመጫወቻው ሜዳና በመኪናው ውስጥ እርስ በርስ ሲገናኙ የራሳቸውን የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ፤ ከኋላቸው የመጡት ታናናሾች ደግሞ ሥርዓቱን አበለጸጉት። ከመምህሩ ዕቅድ ውጪ፣ ከልጆቹ ኅብረት ውስጥ፣ ሙሉ ቋንቋ ተወለደ።

የጋፋት ትምህርት

ቋንቋ በኅብረት ከተወለደ፣ ኅብረቱ ሲቋረጥ መሞቱ አይቀርም። ለዚህ ማስረጃው ሽንዲ ከምትገኝበት አገር የራቀ አይደለም። በደቡብ ጎጃም በዓባይ አካባቢ ጋፋት የተባለ ቋንቋ ይነገር ነበር። ከአማርኛ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ቋንቋው ጨርሶ ያልተጻፈ አልነበረም፤ በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል፤ ጽሑፉም በኦክስፎርድ የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የጋፋት ቃላት ሲሰበስብ ግን ወጣቱ ትውልድ ቋንቋውን ጨርሶ እንደማያውቀው፣ እናውቃለን የሚሉት አዋቂዎችም በሚገባ እንደማይናገሩት ተመለከተ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ወደ አካባቢው ሲሄዱ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኙት ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ አፉን የፈታበት ሰው የለም።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ጋፋት የሞተው ሌስላው አራቱን ሰዎች ባገኙበት ዓመት አልነበረም። ቢክ ወጣቶቹ አያውቁትም ብሎ በጻፈ ጊዜ የቋንቋው ዕጣ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረው የሽማግሌዎቹ ዕድሜ ብቻ ነው። የሚነበብ መጽሐፍ ቢኖረውም ቋንቋውን አላዳነውም። የሚያድነው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም እናት ልጇን በዚያ ቋንቋ ማነጋገሯ ነው። ይህ ሲቋረጥ ማንም አልጮኸም፤ የጦር ነጋሪትም አልተጎሰመም። በየቤቱ፣ በየምሽቱ፣ በዝምታ ተከናወነ።

ሊወገዱ የሚገባቸው አመለካከቶች

የጋፋት ታሪክ እንዳይደገም ከተፈለገ በኅብረተሰቡ ውስጥ የሚታዩ አንዳንድ የተሳሳቱ አመለካከቶችን ማረም ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ሁለት ቋንቋ ሕፃንን ያደናግራል የሚለው ነው። በዚህ እምነት የተነሣ ከአገር ቤት ወደ ከተማ የገባ አገውኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ ወላጅ ልጄ በትምህርቱ ወደ ኋላ ይቀርብኛል በማለት የገዛ ቋንቋውን ከቤቱ ያስወጣል። በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም በአማርኛው ወይም በኦሮምኛው ላይ ያንኑ ሲያደርግ ይታያል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ በሁለትና በሦስት ቋንቋ የሚያድጉ ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በሕፃንነታቸው አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ቢያቀላቅሉም ከማን ጋር በየትኛው እንደሚነጋገሩ ቶሎ ይለያሉ። የከተማውን ቋንቋ ልጁ ከጎረቤት፣ ከጓደኛና ከትምህርት ቤት ያገኘዋል፤ የአባቱንና የእናቱን ግን ከቤቱ በቀር የሚሰጠው የለም።

ሁለተኛው፣ ቋንቋ በደም ይወረሳል፣ ዘሩ ከሆነ መቼም አይጠፋበትም የሚለው ነው። ቋንቋ እንደ ዓይን ቀለም አይወረስም። ከአገው ወላጆች ተወልዶ አማርኛ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ አማርኛ ብቻ ይናገራል፤ ከአማራ ወላጆች ተወልዶ በወለጋ ያደገውም ኦሮምኛውን እንደ አገሬው ያስኬደዋል። ኮርቶ መናገር እንጂ በዘር መመካት ቋንቋን አያቆይም።

ሦስተኛው፣ ሌላው ሰው ቋንቋችንን ሲሞክር በአነጋገሩ መሣቅና ማላገጥ ነው። ይህ ልማድ እንደ ቀላል ጨዋታ ይታያል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። የተሣቀበት ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ያለም አይለምድም። የሚሥቀው ወገን አንድ ነገር ቢያስታውስ መልካም ነው። ግዕዝ ግሡን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ሲናገር አማርኛ ግን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያሳርፈዋል፤ ሊቃውንት ይህን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገውኛ ተጽዕኖ ጋር ያያይዙታል። በሌላ አነጋገር ዛሬ የጠራ አማርኛ የምንለው ራሱ፣ ጥንት ሌላ አፍ የነበራቸው ሰዎች ለምደውት እንደየአንደበታቸው የቀረጹት ነው። በሰው አነጋገር የሚሣለቅ ሰው በገዛ ቋንቋው ታሪክ ይሣለቃል።

ንባብ ያለ ትርጉም፣ ትርጉምም ያለ ንግግር

ይህ ሁሉ ትምህርት ቤቱን የሚመለከተው እንዴት ነው? ጎጃም ለዚህ የራሱ የሆነ ታላቅ ምሳሌ አለው። በቤተ ክህነት ትምህርት ፊደል የቆጠረ ልጅ ንባብ ተምሮ ዳዊት ይደግማል። አንድ መቶ ኀምሳውን መዝሙር በግዕዝ ሲያነበንብ ለሰሚው ያስደንቃል፤ ሆኖም በዚህ ደረጃ የሚለውን ነገር ትርጉም ገና አላወቀም። ያን ያህል ቃል በአፉ ሲመላለስ ውሎም ግዕዝ ቋንቋው አይሆንም። ቋንቋው መሆን የሚጀምረው ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ የታወቀው ሥርዓት ተማሪውን ግስ እያስወረደ፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ በየደረጃው አዲስ ቅኔ እንዲቆጥርና ለመምህሩ እንዲነግር ያስገድደዋል። የትናንቱን መድገም አይበቃም፤ የራሱን መናገር አለበት። መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ማንም በእናቱ ጉያ ያልለመደው ቋንቋ እንኳ አንደበት የሚሆነው ሰው የራሱን ሐሳብ ሊናገርበት ሲገደድ መሆኑን አባቶች ያወቁት ከዘመናዊ ምርምር በፊት ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የእንግሊዝኛ ትምህርታችን የት ላይ ነው? እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የሌሎቹ ትምህርቶች ማስተማሪያ ይሆናል። ይሁን እንጂ በብዙ ክፍሎች ተማሪው የሚያደርገው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን የግሥ ርባታ መገልበጥ፣ ባዶ ቦታ መሙላትና ለፈተና ማሸምደድ ነው። መምህሩም ሐሳቡን በአማርኛ አስረድቶ ሕጉን በእንግሊዝኛ ያስጽፋል። ልጁ በዳዊት ደረጃ ላይ ቀርቷል፤ ወደ ቅኔ ቤቱ አልገባም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፊዚክስና ታሪክ በዚያው ባልፈታው አፍ እንዲማር ሲጠየቅ ትምህርቱን ሳይሆን ቃላቱን ሲከተል ይውላል። ጥፋቱ የልጁም የመምህሩም አይደለም፤ መምህሩ ራሱ ያለፈበት መንገድ ይኸው ነው። ጥፋቱ የስልቱ ነው።

እዚህ ላይ ሐሳባችን እንዳይዛባ አንድ ነገር መግለጽ ይገባል። ሰዋስው አያስፈልግም፣ ትምህርት ቤትም ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ንግግር ከኑሮ ይገኛል፤ ንባብና ጽሕፈት ግን መምህር ይሻሉ። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ እንደ ሕፃን ጆሮ ስለማይኖረው የሕግ ማብራሪያ ይረዳዋል። ኤሪክ ሌነበርግ እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት መጽሐፍ ቋንቋን በቀላሉ የመልመድ ችሎታ ከጉርምስና በኋላ እየደከመ እንደሚሄድ ማስረዳታቸው ይታወቃል። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው፤ በሚያውቁት ቋንቋ ላይ የሚሰጥ ትምህርት ቶሎ ይጸናል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ በኋላ 15 ማድረሱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎልማሳው ገበሬ አዲስ የሚሆንበት ፊደሉ ብቻ እንዲሆን፣ ቋንቋው ግን የገዛ ቋንቋው እንዲሆን ታስቦ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ በዚሁ እውነት ላይ ቆሟል፤ በአዊ አገር ልጆች በአገውኛ መማራቸው የዚህ ውጤት ነው።

ምን መደረግ አለበት?

ከተነሡት ነጥቦች በመነሣት ተግባራችን ምን መሆን እንዳለበት ማመልከት አስቸጋሪ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ወላጅ የራሱን ቋንቋ ያለ ሐፍረት ለልጁ ይናገር። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምርቃቱን በዚያው ቋንቋ ያውርስ። ትምህርት ቤትና መጽሐፍ ሊያግዙት ይችላሉ፤ ሊተኩት ግን አይችሉም።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ ክፍል የመነጋገሪያ ክፍል ይሁን። ልጆች በሚገባቸው ደረጃ የተጻፈ ታሪክ ይነበብላቸው፤ ያዩትንና የሠሩትን በአጭሩ እንዲናገሩ ይደረግ፤ ስሕተታቸው እንደ ወንጀል አይቆጠር። ፈተናውም መስማትንና መናገርን የሚመዝን ካልሆነ ማንም መምህር ስልቱን ሊለውጥ አይደፍርም።

ሦስተኛ፣ እንደ ሽንዲ ባሉ የወሰን አካባቢዎች የጎረቤት ቋንቋ መልመድ እንደ ሀብት ይቆጠር። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ኦሮምኛና አገውኛ፣ ኦሮሞውና አገው ልጅም አማርኛ ቢለምድ የሚጎዳ ወገን የለም። ቂምና ጥርጣሬ የሚያድጉት ሰው የጎረቤቱን ንግግር መስማት ባቆመበት ቦታ ነው።

አፍ መፍቻ ቋንቋ ስንል ቃሉ ራሱ ምሥጢሩን ይነግረናል። አፍ ራሱን አይፈታም፤ የሚፈታው ሰው ነው፤ እሱም በፍቅር፣ በትዕግሥትና በየዕለቱ ንግግር ነው። ለጋፋት ይህን ያደረገለት ትውልድ በመጨረሻ ታጣ። ዛሬ በየቤታችን በሚነገሩት ቋንቋዎች ላይ ያው ፍርድ እንዳይደርስ ለማድረግ ግን ጊዜው አላለፈም። ከሁሉ በፊት የሚጠበቅብን ቀላል ነገር ነው፤ ዛሬ ማታ ልጆቻችንን እናነጋግራቸው።